«ፈጣን ይሁን» ሲባል ስንት ሴኮንድ ነው?

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና ሲስተም ማኔጅመንት ማስተርስ የኮርስ ዝርዝር ላይ ላዩን ላየው ሰው ዝምድና የሌላቸው ትምህርቶች ጥርቅም ይመስላል። ዳታቤዝ አለ፣ ኔትወርክ አለ፣ የፕሮጀክት አመራር አለ፣ የመረጃ ደኅንነት አለ፣ ስታትስቲክስ አለ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠብቃል። ከፕሮግራሚንግ የመጣው ተማሪ የማኔጅመንቱን ኮርስ «ወሬ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ከቢሮ የመጣው ደግሞ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ሲያይ ይደነግጣል። ሁለቱም ኮርሶቹን አንድ በአንድ ተፈትነው ያልፋሉ፤ ሴሚስተሩ ሳይዞር ይረሷቸዋል።

ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው አንድ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ዲግሪ «ይህን መሥራት ትችላለህ?» ይላል። ማስተርሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ስለዚህ ሲስተም የተናገርከው ነገር ስሕተት ቢሆን በምን ይታወቃል? ለዚህ መልስ የሌለው ዓረፍተ ነገር፣ የመስፈርት ሰነድ ውስጥም ይግባ የፕሮጀክት ሪፖርት ውስጥ፣ ገጽ ከመሙላት አያልፍም።

የመጀመሪያው መፈተኛ የሲስተም ትንተናና ዲዛይን ኮርስ ነው። ተማሪዎች በሚያስረክቡት የመስፈርት ሰነድ ውስጥ የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ሲስተሙ ፈጣንና ለአጠቃቀም ቀላል መሆን አለበት።» ይህን ማንም አይቃወመውም፤ ችግሩም እሱ ነው። ማንም ሊቃወመው የማይችል መስፈርት ማንም ሊፈትሸው አይችልም። በርክክቡ ቀን ደንበኛው «ዘገየብኝ» ይላል፣ ሠሪው «ፈጣን ነው» ይላል፣ ዳኛ የለም። ተስተካክላ ስትጻፍ እንዲህ ትሆናለች፦ «500 ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ በገቡበት ሰዓት ከሚቀርቡት የፍለጋ ጥያቄዎች ቢያንስ 95 በመቶው በ2 ሴኮንድ ውስጥ መልስ ያገኛሉ፤ ልኬቱ የሚወሰደው ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን ተጠቃሚው ብራውዘር ላይ ነው።» ጫናው፣ ድርሻው፣ ገደቡና የሚለካበት ቦታ ተቀምጠዋል። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ክርክሩ ተመልሶ ይመጣል፤ በተለይ የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ስለሆነ።

ለምን አማካይ አይበቃም? 100 ጥያቄዎች መጡ እንበል። 90ዎቹ በግማሽ ሴኮንድ ተመለሱ፤ 10ሩ 12 ሴኮንድ ፈጁ። አማካዩ 1.65 ሴኮንድ ነው፤ «ከ2 ሴኮንድ በታች» ተብሎ ሪፖርቱ ያልፋል። ከአሥር ሰው አንዱ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ 12 ሴኮንድ ተቀምጧል፤ ስልክ ደውሎ የሚያማርረውም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያ ሰው ዋናው ደንበኛ ሆኖ ይገኛል፤ ብዙ መዝገብ ያለው ሰው ገጹ ይከብድበታልና።

መስፈርት መሰብሰቡም የራሱ ወጥመድ አለው። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ የምኞት ዝርዝር ይሰጣል። የሚሻለው በቅርቡ የተሞሉ እውነተኛ ፎርሞችን ዘርግቶ፣ በተለይ ኅዳጋቸው ላይ በእጅ የተጻፈባቸውን እየመረጡ «ይህ ለምን ተጻፈ?» ማለት ነው። ፎርሙ ቦታ ያልሰጠው ነገር ሁሉ ኅዳጉ ላይ ይወጣል። አዲሱ ሲስተም ያን ካላወቀ ሠራተኛው ሳይውል ሳያድር ኤክሴል ከፍቶ ጎን ለጎን መሥራት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው መረጃ የትኛው ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። «ይህ ደንብ ያልሠራበት ጊዜ መቼ ነበር?» የምትለዋ ጥያቄ ብቻዋን ከአንድ ሰዓት ስብሰባ ትበልጣለች።

ቴብሉ ውስጥ የሌለው ደንብ

የዳታቤዝ ኮርስ ላይ ሰው የሚቸገረው ኤስኪውኤል መጻፍ ከብዶት አይደለም። ኖርማላይዜሽንን፣ ማለትም አንድ መረጃ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲጻፍ ቴብሎችን የመከፋፈልን ሥርዓት፣ በቃሉ ስለሚሸመድደው ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ አይቢኤም ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970 የሪሌሽናል ሞዴልን (ዳታን በቴብሎች የማደራጀትን ሐሳብ) ሲያሳትም የተነሣው ከተግባራዊ ችግር ነበር፦ ተጠቃሚው ዳታው ማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተደረደረ ሳያውቅ እንዲሠራ ማስቻል። ኖርማል ፎርሞቹም (የኖርማላይዜሽን ደረጃዎች) የመጡት ዳታው ራሱን በራሱ እንዳይቃረን ነው።

አንድ ቴብል እንውሰድ። አምዶቹ የተማሪ ቁጥር፣ የተማሪ ስም፣ ትምህርት ክፍል፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የኮርስ ኮድ፣ የኮርስ ስም እና ውጤት ናቸው። ቁልፉ፣ ማለትም አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየው፣ የተማሪ ቁጥርና የኮርስ ኮድ አንድ ላይ ነው፤ ውጤትን ለማወቅ ሁለቱም ያስፈልጋሉና። የተማሪውን ስም ለማወቅ ግን የቁልፉ ግማሽ ይበቃል። ሁለተኛው ኖርማል ፎርም የተጣሰው እዚህ ጋ ነው። የኃላፊው ስም ደግሞ ከተማሪው ጋር ቀጥተኛ ጉዳይ የለውም፤ በትምህርት ክፍሉ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ሦስተኛው የተጣሰው በዚህ ነው። መዘዙን እዩት፦ ኃላፊ ሲቀየር 600 ረድፍ መታረም አለበት፤ አንዱ ከተረሳ ትምህርት ክፍሉ ሁለት ኃላፊ ይኖረዋል። ገና ማንም ያልተመዘገበበት አዲስ ኮርስ የሚጻፍበት ቦታ የለም። በአንድ ኮርስ ብቸኛ የነበረው ተማሪ ቢያቋርጥና ረድፉ ቢሰረዝ የኮርሱም ስም አብሮ ይጠፋል።

እስከዚህ ያለው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። አስተማሪዎች ቶሎ የሚያልፉት፣ ለእኔ ግን የኮርሱ ልብ የሚመስለኝ ነገር ይከተላል፦ ጥገኝነቶቹን (የትኛው አምድ በየትኛው እንደሚወሰን) ከዳታው ማንበብ አይቻልም። በአንድ የ50 ረድፍ ናሙና ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ስላለው «ተማሪ አንድ ስልክ ነው ያለው» የሚል ደንብ አይወጣም። ዳታው ሊያሳይ የሚችለው ደንብ መፍረሱን ብቻ ነው፤ መኖሩን የሚናገር የሥራው ባለቤት ነው። «አንድ ትምህርት ክፍል ሁለት ኃላፊ የሚኖረው ጊዜ አለ? ተጠባባቂ ሲሾምስ?» ብሎ መጠየቅ የዳታቤዝ ሥራ ነው፤ ዲዛይኑን በሥዕል ከመጀመር በፊት ጥገኝነቶቹን በተራ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማስፈረም ያዋጣል።

በተቃራኒው ኖርማላይዜሽንን አክርሮ የሚሳሳትም አለ። የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ የዕቃውን ዋጋ ደግሞ መጻፍ ድግግሞሽ ይመስላል፤ ዋጋው የዕቃዎች ቴብል ላይ አለና። ይሰረዝ ተብሎ ይሰረዛል። ዋጋ በተቀየረ ማግስት ያለፈው ዓመት ሽያጭ ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ይሰላል። የዛሬ ዋጋና በተሸጠበት ቀን የነበረ ዋጋ ሁለት የተለያዩ እውነቶች ናቸው፤ ቁጥራቸው መመሳሰሉ አንድ አያደርጋቸውም።

ከትራንዛክሽን (ሁሉም አብረው የሚፈጸሙ ወይም አብረው የሚቀሩ ትእዛዞች) ምዕራፍ አንዱን ብቻ በቅርብ ልየው፤ በፕሮጀክት ማሳያ ቀን ሁሌ የሚሠራ፣ በእውነተኛው ቀን ሁሌ የሚወድቅ ስለሆነ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት የመጨረሻውን ወንበር ሊይዙ ይመጣሉ። ፕሮግራሙ የቀረውን ወንበር ለሁለቱም ያነባል፤ ሁለቱም 1 ያያሉ። ሁለቱም አንድ ቀንሰው 0 ይጽፋሉ። ዳታቤዙ ምንም ስሕተት አላየም፤ ሁለት ሰው ግን አንድ ወንበር ላይ ተመዝግቧል። መፍትሔው ማንበቡንና መጻፉን አንድ ትእዛዝ ማድረግ ነው፦ «የቀረው ወንበር ከ0 በላይ ከሆነ አንድ ቀንስ»። ከዚያ ትእዛዙ ስንት ረድፍ እንደነካ ይጠየቃል። 1 ካለ ወንበሩ ተይዟል፤ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ምዝገባው ይጻፋል። 0 ካለ ሌላ ሰው ቀድሟል። በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ተጠቃሚ የተፈተነ ፕሮጀክት ይህን ጉድለት መቼም አያሳይም። ሁለት መስኮት ከፍቶ አንዱን መካከል ላይ ማስቆም ግን አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው።

ዘጠኞቹ

የመሠረተ ልማትና የአገልግሎት አመራር ኮርሶች ላይ «99.9 በመቶ ዝግጁነት» የሚል ውል ይመጣል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ 99.9 በመቶ ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ መቆም ይፈቀዳል ማለት ነው። አንድ ዘጠኝ ሲጨመር ወደ 53 ደቂቃ፣ ሌላ አንድ ሲጨመር ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል። አምስት ደቂቃ ሰው ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ኮምፒውተር እስኪከፍት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ አምስት ዘጠኝ የሚል ውል የፈረመ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ጥገናው የሰው እጅ ሳይነካው እንዲከናወን ቃል ገብቷል።

ልኬቱ በወር ነው ወይስ በዓመት? በወር ከሆነ 30 ቀን ባለው ወር የሚፈቀደው 43 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ 8 ሰዓት ሙሉ የወደቀ አገልግሎት በዓመት ሲለካ ውሉን አክብሯል፤ በወር ሲለካ ክፉኛ ጥሷል። የታቀደ ጥገና ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውም እንዲሁ ነው። አቅራቢዎች እነዚህን ሁለት መስመሮች የት እንደሚጽፏቸው ያውቃሉ።

ቀጥሎ ማባዛት ይመጣል። አንድ ገጽ እንዲከፈት ኔትወርኩ፣ የዌብ ሰርቨሩ፣ የመግቢያ አገልግሎቱና ዳታቤዙ ሁሉም መሥራት ካለባቸውና እያንዳንዳቸው 99.9 በመቶ ከሆኑ፣ አጠቃላዩ 0.999 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 99.6 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ በዓመት 35 ሰዓት መቆም። ጎን ለጎን ሲሆን ስሌቱ ይገለበጣል፦ እያንዳንዳቸው 99 በመቶ የሆኑ ሁለት ሰርቨሮች አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካ ከሆነ፣ ሁለቱም አብረው የመውደቃቸው ዕድል 0.01 በ0.01 ነው፤ ዝግጁነቱ 99.99 ይሆናል። ተማሪው እዚህ ደርሶ ይደሰታል።

ስሌቱ የቆመበት ግን «አንዱ መውደቁ ከሌላው ጋር አይገናኝም» የሚል ግምት ላይ ነው። ሁለቱ ሰርቨሮች አንድ መብራት፣ አንድ ስዊች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ማሻሻያ ይጋራሉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ ያሰራጨው ስሕተት ያለበት ፋይል ማይክሮሶፍት እንደገመተው ወደ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲጥል፣ ዋናውም ተጠባባቂውም አብረው የወደቁባቸው ድርጅቶች ነበሩ። በስሌቱ ስሕተት የለም፤ ግምቱ ግን ሐሰት ነበር። አሳይመንት ላይ መልሱን ከማስመር ይልቅ ከሥሩ «ሁለቱ የሚጋሩት ምንድን ነው?» ብሎ አምስት መስመር የጨመረ ተማሪ ኮርሱ ገብቶታል እላለሁ።

የወረፋ ንድፈ ሐሳብ በብዙ ፕሮግራሞች አንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ያሳዝነኛል። ጥያቄዎች በዘፈቀደ ለሚመጡበት አንድ ሰርቨር፣ ቀላሉ ሞዴል የሚሰጠው ቆይታ የአገልግሎት ጊዜው ለ«1 ሲቀነስ የሥራ ጫና» ተካፍሎ ነው። ሰርቨሩ አንድን ጥያቄ በ100 ሚሊሴኮንድ የሚጨርስ ከሆነ፣ ጫናው 50 በመቶ ሲሆን ቆይታው 200 ሚሊሴኮንድ ነው። 80 በመቶ ሲደርስ 500፤ 90 ሲደርስ 1 ሴኮንድ፤ 95 ሲደርስ 2 ሴኮንድ። ከ90 ወደ 95 የተጨመረችው አምስት ቆይታውን እጥፍ አደረገችው። «ሰርቨሩ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው፤ ገንዘብ አባከናችሁ» ለሚል የፋይናንስ ኃላፊ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ ከርቩን በአንድ ገጽ ስሎ ማሳየት ነው።

የሊትል ሕግ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፦ ውስጥ ያሉት ብዛት፣ የሚገቡበት ፍጥነት በቆይታቸው ሲባዛ ነው። በሴኮንድ 40 ጥያቄ ይገባል፣ እያንዳንዱ የዳታቤዝ ግንኙነትን ለግማሽ ሴኮንድ ይይዛል እንበል፤ በማንኛውም ቅጽበት 20 ግንኙነት ተይዟል። ፕሮግራሙ የተፈቀደለት 10 ከሆነ በሴኮንድ ከ20 በላይ ማስተናገድ አይችልም፤ ሌላው ይከማቻል። ሰው ግን ሲፒዩውን አይቶ «ጫና የለም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ወረፋው ያለው በር ላይ ነው።

«ባክአፕ አለን»

ይህችም እንደ «ፈጣን ይሁን» ያለች ዓረፍተ ነገር ናት። ኮርሱ በሁለት ቁጥር ይተካታል፦ አርፒኦ፣ ማለትም ምን ያህል ጊዜ ያስቆጠረ ዳታ ብናጣ እንቋቋማለን፤ አርቲኦ፣ ማለትም ምን ያህል ጊዜ ብንቆም እንቋቋማለን። ባክአፕ በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚወሰድ ከሆነና ዲስኩ በማግስቱ ሌሊት 7 ሰዓት ቢበላሽ የሚጠፋው የ23 ሰዓት ሥራ ነው። ይህን መቀበል አለመቀበል የአይቲ ክፍሉ ውሳኔ አይደለም፤ የሥራው ባለቤት ነው መፈረም ያለበት። ስትጠይቁት «ምንም እንዳይጠፋ» ይላል፤ የምንም አለመጥፋት ወጪ ሲቀርብለት ደግሞ «አራት ሰዓት ይሁን» ይላል። ድርድሩ ራሱ ነው ትምህርቱ።

አርቲኦ ላይ የሚረሳው ፊዚክስ ነው። 2 ቴራባይት ዳታ በሴኮንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመመለስ፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ቢገኝ እንኳ 16,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ወደ 4 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ ዳታቤዙ ራሱን ያረጋግጣል፣ ኢንዴክሶች ይሠራሉ፣ ሰው ይፈትሻል። «በ2 ሰዓት እንመልሳለን» የሚል የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ያጸደቀ ኮሚቴ ይህችን ማካፈል አልሠራም።

ለዚህ ኮርስ ከማንኛውም ምዕራፍ የሚበልጥ ማንበቢያ ጊትላብ የተባለው የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ ኩባንያ ራሱ በግልጽ ያሳተመው የአደጋ ዘገባ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲስ ተጠባባቂውን ዳታቤዝ የሚያጸዳ መስሎት የዋናውን ማውጫ ሰረዘ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ማከማቻው ባዶ ነበር። የባክአፕ መሣሪያው የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ሶፍትዌሩ) 9.2 እትም ሲሆን ዳታቤዙ 9.6 ስለነበር ሥራው በየጊዜው እየከሸፈ ኖሯል። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይል ደግሞ የላኪ ማረጋገጫ ስለጎደለው ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ የዲስክ ቅጂ ነው፤ የእነዚያ 6 ሰዓታት የዳታቤዝ ለውጥ ቀረ። ከዚህ የምወስደው አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ማንቂያ «ሲከሽፍ ንገረኝ» ተብሎ ብቻ መሠራት የለበትም። «እስከዚህ ሰዓት ድረስ፣ ከዚህ መጠን ያላነሰ አዲስ ፋይል ካላየሁ እጮኻለሁ» ብሎ ከሌላ ማሽን የሚጠብቅ መሆን አለበት። ዝምታ የጤና ምልክት ሆኖ በተሠራበት ቦታ ሁሉ ይህ ይደገማል።

ስምንተኛው ሰርቨር

አይቲል የሚባለው የአገልግሎት አመራር ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በብሪታንያ መንግሥት ሥር ተጀምሮ በ2019 አራተኛው እትም ወጥቷል። ተማሪዎች ፈተናው ላይ ቃላቱን ይለያሉ፤ ክስተት ማለት አገልግሎቱ የተቋረጠበት ነገር ነው፣ ችግር ማለት ከበስተጀርባው ያለው ምክንያት ነው። ሥራ ላይ ግን ይደባለቃል፦ ሰርቨሩ ጠፍቶ በርቶ ሥራ ሲጀምር ትኬቱ (የብልሽቱ መዝገብ) ይዘጋል፣ ምክንያቱን የሚፈልግ ሌላ ትኬት አይከፈትም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል።

የለውጥ አስተዳደሩ ክፍል ብዙ ሰው እንደ ቢሮክራሲ የሚያየው ነው። የናይት ካፒታልን ታሪክ ካነበበ በኋላ ግን አስተያየቱን የማይለውጥ ይኖራል ብዬ አላምንም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ይህ የአክሲዮን ደላላ ኩባንያ አዲስ ፕሮግራም ሥራ ላይ አዋለ። ከስምንት ሰርቨሮች ሰባቱ አዲሱን ኮድ አግኝተዋል፤ ስምንተኛው ተረስቷል። አዲሱ ኮድ የተጠቀመበት የማብሪያ ምልክት ከብዙ ዓመት በፊት መሥራት ያቆመ፣ ግን ያልተሰረዘ አሮጌ ኮድ ይጠቀምበት የነበረውን ነው። ስምንተኛው ሰርቨር ላይ ምልክቱ ሲበራ አሮጌው ነቃ፤ ማቆሚያ የሌለው ግዢና ሽያጭ ማዘዝ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ኪሳራው ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

የአሜሪካው የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ባወጣው ሰነድ ላይ ያሉት ዝርዝሮች ናቸው ትምህርቱ። የሰርቨሮቹን መጫን ሁለተኛ ሰው አላየውም፤ እንዲያይም የሚያዝ የተጻፈ አሠራር አልነበረም። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ስሕተቱን የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎች ልኳል፤ እንደ ማንቂያ እንዲነበቡ ስላልተዘጋጁ ማንም አልተነሣም። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ደግሞ ማስተካከያው ነው፦ አዲሱ ኮድ ነው ጥፋተኛው ብለው ከሰባቱ ላይ አነሡት። ያኔ ምልክቱ በሰባቱም ላይ አሮጌውን ኮድ ቀሰቀሰ። ተማሪዎች የለውጥ መጠየቂያ ፎርሙ ላይ «የመመለሻ ዕቅድ፦ ወደ ቀድሞው ኮድ እንመለሳለን» ብለው ሲጽፉ ይህን ማስታወስ አለባቸው። ወደ ኋላ መመለስ ራሱ ለውጥ ነው፤ ያልተሞከረ ከሆነ የሚያደርሰው ወዴት እንደሆነ አይታወቅም።

ስለ ስጋት ትንተና አጭር ቅሬታ አለኝ። ዕድልን ከ1 እስከ 5፣ ጉዳትን ከ1 እስከ 5 ሰጥቶ ማባዛት በየኮርሱ ይታዘዛል። በዚያ አሠራር በየቀኑ የሚያጋጥም ትንሽ መንገላታትና በአሥር ዓመት አንዴ የሚመጣ የድርጅት መዘጋት ሁለቱም 5 ይሆናሉ። ለማቅለም ያምራል፤ ለመወሰን አይረዳም። በዓመት ስንት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ስንት ኪሳራ ብሎ፣ በነጠላ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብሎ መገመት ይሻላል።

«90 በመቶ አልቋል»

የፕሮጀክት አመራር ኮርስ በስሌት የተሞላ ነው፤ ስሌቱ ቀላል፣ ግብአቱ ግን የሚዋሽ ነው። 200 የሰው-ቀን (የሰው-ቀን አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ነው) የሚፈጅ ሥራ በ10 ሳምንት ታቅዷል እንበል። አምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ የታቀደው 100 ነበር፤ በእርግጥ ያለቀው የ80 ቀን ሥራ ነው፤ የፈጀው ግን 110 ነው። የፍጥነት መለኪያው 80 ለ100፣ 0.8 ነው። የወጪ ብቃቱ 80 ለ110፣ 0.73 ገደማ። በዚህ ከቀጠለ አጠቃላዩ 200 ሳይሆን 275 የሰው-ቀን ይፈጃል።

ሁሉም ያለው «ያለቀው 80» የሚለው ላይ ነው። ሠራተኛው «90 በመቶ አልቋል» ሲል ያ 90 ከየት መጣ? ከስሜቱ ነው። ቀሪው 10 በመቶ ደግሞ እንደ መጀመሪያው 90 ጊዜ ሲወስድ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ሥራውን ከአንድ ሳምንት በማይበልጡ ቁርጥራጮች መክፈል፣ ተፈትሾ ላለቀ 100፣ ላላለቀ 0 መስጠት ይሻላል፤ ቁጥሩ ይጎረብጣል እንጂ አይዋሽም። ሌላ የማይነገር ነገር፦ የፍጥነት መለኪያው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ 1 ይሆናል፣ አንድ ዓመት ቢዘገይም፤ የታቀደው ሥራ ሁሉ በመጨረሻ ተሠርቷልና። ወደ ማብቂያው ሲቃረብ «እየተሻሻለ ነው» ብሎ ሪፖርት ማድረግ የዚህ ሰለባ መሆን ነው።

ፐርትም፣ የሥራ ጊዜን ከሦስት ግምቶች የሚያሰላው ዘዴ፣ እንዲሁ ነው። ቢፈጥን 4 ቀን፣ ብዙ ጊዜ 6፣ ቢዘገይ 14 የሚባል ሥራ፣ 4 ሲደመር አራት ጊዜ 6 ሲደመር 14፣ ለ6 ሲካፈል 7 ቀን ይሰጣል። ደህና ነው። ግን ሁለት ቡድኖች ጎን ለጎን ሠርተው አንድ ቀን ላይ መገናኘት ካለባቸውና እያንዳንዳቸው በሰዓቱ የመድረስ ዕድላቸው ግማሽ ከሆነ፣ ሁለቱም የሚደርሱት ሩብ ጊዜ ነው። ዋናውን መንገድ (ረጅሙን የሥራዎች ሰንሰለት) ብቻ የሚደምረው ስሌት ይህን አያየውም። ፕሮጀክቶች የሚዘገዩት መገጣጠሚያ ላይ የመሆኑ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በነገራችን ላይ «ዋተርፎል»ን፣ ማለትም ሶፍትዌርን ወደ ኋላ ሳይመለሱ ደረጃ በደረጃ የመሥራትን ዘዴ፣ ፈለሰፈ ተብሎ በየቴሲሱ የሚጠቀሰው ዊንስተን ሮይስ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ጽሑፉ ላይ ያን ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ሥዕል ካስቀመጠ በኋላ እንደዚያው መሥራት አደገኛና ውድቀትን የሚጋብዝ መሆኑን ጽፏል። ጽሑፉን ሳይከፍቱ ከሌላ ሰው ጥቅስ መገልበጥ የሚጋለጠው እንዲህ ነው።

384

በምርምር ዘዴ ኮርስ አልፎ መመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል። 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.25 ተባዝቶ፣ ለ0.05 ስኩዌር ሲካፈል 384.16 ይመጣል፤ ለ95 በመቶ እርግጠኝነትና ለ5 በመቶ ስሕተት የሚያስፈልግ ናሙና። ቀመሩ ትክክል ነው። የሚሠራው ግን ናሙናው በዘፈቀደ ሲመረጥ ነው። በቴሌግራም ሊንክ ተበትኖ የሞላ የሞላው 384 ሰው ቀመሩ ከሚያውቀው ነገር ውጪ ነው፤ አራት ሺህ ቢሆንም ያው ነው።

የርእሰ ጉዳይ ምርጫውም እንዲሁ ይደጋገማል፦ ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመውን የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል ወስዶ፣ «ጠቃሚ ነው ብለው ያምናሉ?»፣ «ቀላል ነው ብለው ያምናሉ?»፣ «ወደፊት ሊጠቀሙበት ያስባሉ?» ብሎ መጠይቅ መበተን። ሲስተሙን እንዲጠቀም በደብዳቤ የታዘዘ ሠራተኛ ሐሳቡ ምን ይለካል? ክሮንባክ አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው መለኪያ) 0.96 ወጣ ተብሎ መደሰትም አለ፤ ያን ያህል ሲወጣ ግን ጥያቄዎቹ አንድ ነገር በተለያየ ቃል የሚደግሙ መሆናቸውን መጠርጠር ይገባል።

የእርዳታ ዴስክ መዝገብ፣ የሰርቨር ሎግ፣ የለውጥ ጥያቄዎች ታሪክ እያለ ሰውን ስለ ስሜቱ መጠየቅ ለምን እንደሚመረጥ አይገባኝም። «አዲስ የለውጥ ማጽደቂያ አሠራር ከመጣ በኋላ የአገልግሎት መቋረጥ ቀንሷል?» የሚል ጥያቄ በ12 ወር በፊትና በ12 ወር በኋላ ዳታ ሊፈተሽ ይችላል። የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ትኬት ለመፍታት የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት በጣም ረጃጅሞች ስላሉበት ከአማካይ ይልቅ ሚድያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው ቁጥር) ነው የሚወሰደው። መካከል ላይ የትኬት አመዳደብ ተቀይሮ ከሆነ መቀነሱ የስያሜ ለውጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተዘግተው እንደገና የተከፈቱትም ለብቻ መቆጠር አለባቸው፤ ካልሆነ ቶሎ ቶሎ የሚዘጋ ቡድን ጎበዝ ይመስላል።

ዳታውን የማግኘት ፈቃድ ርእሱ በጸደቀበት ሳምንት ነው መጠየቅ ያለበት። ደብዳቤው የትኞቹ አምዶች፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው፣ የት እንደሚቀመጡና መቼ እንደሚሰረዙ ይግለጽ። ስሞች ከድርጅቱ ከመውጣታቸው በፊት በዘፈቀደ ቁጥር ይተኩ፤ ስሙን አጥፍቶ የሠራተኛ መለያ ቁጥሩን መተው ምንም አልሸሸገም። ፈቃዱ በጽሑፍ መጥቶ የመጀመሪያው ፋይል ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ የዘዴ ምዕራፉን አለመጻፍ ይሻላል፤ ከተጠየቁት አምዶች ሁለቱ፣ ብዙ ጊዜም ትኬቱ የተዘጋበት ሰዓት ያለበት አምድ፣ ባዶ ሆነው ይመጣሉና።